አባታችን «በግ እንኳ አያደርገውም» ይላሉ፣ ወንድሜ በጥናት ይመልሳል፤ እኔስ ምን ልበል?

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አማካሪ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ከወላጆቼ ጋር ሜሪላንድ የምኖር የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ቤተሰባችን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ በሰንበት ትምህርት ቤት አድገን፣ እርሱ ከበሮ እየመታ እኔ መዝሙር እያስጠናሁ ብዙ ዓመት አገልግለናል። ወንድሜ አሁን 24 ዓመቱ ነው። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሰሞን ለብቻዬ አስቀምጦኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ወንድ እንደሆነ፣ እንዲለወጥለትም ለዓመታት ሲጸልይና ሲሰግድ እንደኖረ ነገረኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገባኝ፤ ቃሌን ጠበቅሁ። ከወራት በኋላ ግን ራሱ ለእናታችን ነገራት፣ እርሷም በሆዷ መያዝ አቅቷት ለአባታችን ነገረቻቸው።

በፋሲካ ዕለት ማዕድ ላይ እንደተቀመጥን ነገሩ ፈነዳ። አባታችን የመንዝ ሰው ናቸው፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በግ ሲጠብቁ ነው። «እኔ በበግ መካከል ነው ያደግሁት። እንስሳ እንኳ የማያደርገውን ሰው እንዴት ያደርጋል? ቅዱስ ጳውሎስስ ከባሕርይ ውጭ ነው ብሎ የለም ወይ?» አሉ። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ስለ አውራ በጎችና ስለ ፔንጉዊኖች የተጻፈውን ያነብላቸው ጀመር። «ተፈጥሮ ራሷ ትመሰክርልኛለች። እኔም እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርሁት፤ እግዚአብሔር ተሳሳተ ሊሉኝ ነው?» አላቸው። አባታችን እንጀራውን ሳይነኩ ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ አብረው ማዕድ አይቀርቡም። አባታችን «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ቤተ ክርስቲያንንም ታውቂያለሽ፤ መልስ አምጪለት» ይሉኛል። ወንድሜ በበኩሉ ማታ ማታ ጽሑፍ እየላከ «አንብቢላቸው» ይለኛል። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን ወላጆቼ በመጪው ክረምት ወደ ኢትዮጵያ ወስደው ጸበል ሊያስጠምቁት መመካከራቸው ነው፤ ለእርሱ የሚነግሩት ዘመድ ለመጠየቅ እንደሆነ አድርገው ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያኔን እወዳለሁ፣ የምታስተምረውንም አምናለሁ፤ ወንድሜንም እወዳለሁ። በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ተፈጥሮን ምስክር ማድረግ ትክክል ነው ወይ? ከሁለቱ የማን ሐሳብ ሚዛን ይደፋል?

እኅቱ ነኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ አባትሽም ወንድምሽም በየበኩላቸው መልስ ይዘሽ እንድትመጪ የሚጠብቁት አንቺን ነው፤ ሁለቱም የሚወዱሽና የሚያምኑሽ በመሆናቸው ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ይከብዳል። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንዱ ስለ ክርክሩ ነው፣ ሌላው ስለ ቤታችሁ። ስለ ክርክሩ የጠየቅሽኝን በቀጥታ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም እርሱ ካልጠራ ስለ ቤታችሁ በሰላም መነጋገር የምትችሉ አይመስለኝም።

እንስሳት የሚያደርጉት ወይም የማያደርጉት ነገር በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ለአባትሽም ለወንድምሽም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በተፈጥሮ ስም የሚቀርብ ከዚህ ጠለቅ ያለ ሌላ ሙግት አለ፤ እርሱ ክብደት ያለውና በአክብሮት ሊመረመር የሚገባው ነው፣ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ያለ እምነት ብቻውን ቆሞ ነገሩን አይቋጭም።

ከበጎቹ ልጀምር። አባትሽ አላየሁም ማለታቸው እውነት ይሆናል፤ አውራ በጎች እርስ በርስ ሲወጣጡ ያየ እረኛም ጨዋታ ወይም የጉልበት መለካኪያ ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ ልብ አይለውም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ዱቦይስ በተባለ ስፍራ በሚገኝ የመንግሥት የበግ ምርምር ጣቢያ ግን ተመራማሪዎች አውራ በጎችን አንድ በአንድ እየለዩ፣ ሴትም ወንድም አቅርበው እንዲመርጡ በማድረግ ለዓመታት አጥንተዋቸዋል፤ ከመቶ ስምንት ያህሉም ሴት በግ ቀርባላቸው ሳለ ወንዱን የሚመርጡ ሆነው ተገኝተዋል። ስለ ፔንጉዊኖቹም ወንድምሽ ያነበበው እውነት ነው። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ሮይና ሲሎ የተባሉ ሁለት ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተጣምረው ኖረዋል፣ ጠባቂዎቹ የሰጧቸውንም እንቁላል ታቅፈው ታንጎ የተባለች ጫጩት አሳድገዋል። ከዓመታት በኋላ ግን ሲሎ ሮይን ትቶ ከአንዲት ሴት ፔንጉዊን ጋር ተጣመረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የፔንጉዊኖቹን ታሪክ ይቃወሙ የነበሩት ሰዎች ተፈጥሮ ለእኛ መሰከረች ማለት ጀመሩ። የወፍ ጥምረት በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ማስረጃ ለአንድ ሰው ሕይወት መሠረት ሊሆን አይችልም፤ ወንድምሽም ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ወንድምሽ ሌላም ነገር ቢያስተውል መልካም ነው። በራሳችን አገር በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ፣ አንዱ ወንድ ሌላውን አሸንፎ መንጋውን ሲረከብ ከቀድሞው አውራ የተወለዱትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል፤ ወንድ አንበሳም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ በተፈጥሮ ውስጥ ያለ፣ በጥናት የተመዘገበ ነገር ነው፤ የእንጀራ አባት ልጆችን ቢበድል ግን አንበሳም ያደርገዋል ብሎ የሚከራከርለት ሰው የለም። ስለዚህ በጎቹ ለወንድምሽ የሚያስገኙለት አንድ ውስን ነገር ነው፦ «ይህ በእንስሳት ዘንድ ፈጽሞ የለም» የሚለው አባባል ትክክል አለመሆኑን ያሳዩለታል። ከዚያ አልፈው ነገሩ ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብለው ሊፈርዱ አይችሉም።

እንስሳትን ወደዚህ ክርክር መጥራት አባትሽ የጀመሩት ነገር እንዳልሆነም ማወቅሽ ይጠቅምሻል። ፕላቶ በእርጅና ዘመኑ ስለ ሕግ በጻፈው ውይይት ውስጥ አንዱ ተናጋሪ፣ እንስሳት ወንድ ከወንድ ጋር እንደማይገናኙ ጠቅሶ ነገሩ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ይላል። ከዘመናት በኋላ፣ በክርስትና መጀመሪያ መቶ ዓመታት የተጻፈውና የበርናባስ መልእክት ተብሎ የሚታወቀው ጽሑፍ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፦ ጅብ በየዓመቱ ፆታውን እየለወጠ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናልና እናንተ እንደ እርሱ አትሁኑ ብሎ ያስተምራል። ይህ የጅብ ወሬ ስለ እንስሳት ጠባይ መንፈሳዊ ትርጓሜ በሚሰጠው፣ ከግሪክ ወደ ግእዝም ተተርጉሞ ፊሳልጎስ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የግሪክ ቅጂ ውስጥም ይገኛል። እንግዲህ ተመልከቺ፤ አንዱ እንስሳ አያደርገውምና አታድርጉ ይላል፣ ሌላው እንስሳ ያደርገዋልና አታድርጉ ይላል። ሁለቱም ወደ አንድ መደምደሚያ የደረሱት ከእንስሳው በተማሩት ነገር ሳይሆን አስቀድመው በያዙት አቋም ነው።

ጅቧ ራሷ ደግሞ ፆታዋን አትለውጥም። በሐረር ግንብ ዳር በየምሽቱ የሚመገቡት ዓይነት ነጠብጣብ ጅቦች፣ ሴቶቹ የወንድ ብልት የሚመስል አካል አላቸው፤ የሚገናኙትም የሚወልዱትም በዚሁ አካል ነው። ወንድና ሴቱን በዓይን መለየት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ትናንት ወንድ የመሰለችው ዛሬ ስትወልድ ያየ ሰው ተለወጠች ቢል አይፈረድበትም። በዚህ የተሳሳተ ዕይታ ላይ ግን ትልቅ የሥነ ምግባር ትምህርት ተገነባበት፤ ትምህርቱ ለብቻው ሊቆም የሚችል ከነበረ ጅቡ አያስፈልገውም ነበር። አባትሽ በእምነታቸው ላይ ቢቆሙ መሠረታቸው ከበጉ ይልቅ የጸና ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ወደ ጠንካራው ሙግት እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሕገ ኦሪትና ከሕገ ወንጌል በፊት ሰዎች በሕገ ልቡና ይመሩ እንደነበር ታስተምራለች፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 2 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ከባሕርያቸው የሕግን ትእዛዝ እንደሚያደርጉ ይናገራል። በዚህ አነጋገር ባሕርይ ማለት እንስሳት የሚያደርጉት ነገር አይደለም፤ ፈጣሪ ለሰው ያሰበለት ዓላማ፣ ልብና አእምሮ የሚያውቁት ሥርዓት ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስፋፋው የተፈጥሮ ሕግ ትምህርትም በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አባትሽ «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቃል ይዘው ቢናገሩ፣ የሚናገሩት ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ያስተማረችውንና ዛሬም የምታስተምረውን ነው። ይህን እንዲያቃልሉ ልትጠይቂያቸው አይገባም፤ አንቺም ታምኚበታለሽና።

ነገር ግን ይህም ሙግት ከእምነቱ ተነጥሎ፣ ተፈጥሮ ብቻ ተብሎ ሲቀርብ ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። የፆታ ዓላማ ልጅ መውለድ ብቻ ነው ከተባለ፣ የመውለጃ ጊዜያቸው ያለፈ ሰዎችን ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን ለምን ትባርካለች የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ እንደምታውቂው ዘርን ከመተካት ሌላ መረዳዳትና ከዝሙት መጠበቅም የጋብቻ ዓላማዎች ናቸው የሚል ነው፤ ይህ መልስ ግን ከአካላችን አሠራር ተነብቦ የተገኘ ሳይሆን ከመጽሐፍና ከትምህርት የመጣ ነው። ምንኩስናንም አስቢ። በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ የተባለው የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ምሁራን ዛሬም የሚከራከሩበት፣ ልክ ይህንኑ የተፈጥሮ ሙግት ይዞ ፈጣሪ ወንድና ሴትን ለጋብቻ አዘጋጅቷልና ምንኩስና ከፈጣሪ ሕግ ጋር ይጋጫል እስከማለት ይደርሳል። የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የሚያከብሩት አባትሽ ይህን ሊቀበሉ አይችሉም፤ ቤተ ክርስቲያንም መነኩሴ በጸጋ ከተፈጥሮው በላይ ይኖራል ብላ ትመልሳለች። ያ መልስ ቆንጆ መልስ ነው፤ ሆኖም ተፈጥሮ የመጨረሻ ዳኛ አለመሆኑን የምትናገረው ራሷ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ያሳያል።

ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን ተፈጥሮን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይጠቅስም። በሮሜ ምዕራፍ 1 ለባሕርይ የማይገባ ብሎ የጻፈው ሰዎች ፈጣሪን ትተው ፍጡርን ማምለካቸውን በሚወቅስበት ክፍል ውስጥ ነው፤ የቀደሙት አባቶች፣ ከእነርሱም ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ድርጊቱን የሚያወግዝ ቃል አድርገው ተርጉመውታል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ደግሞ ወንድ ጠጉሩን ቢያስረዝም ነውር እንደሆነ ተፈጥሮ እንኳ ታስተምራለች ይላል፤ ጠጉራቸው እስከ ትከሻቸው የወረደ ባሕታውያንን አባትሽ በአገር ቤት እጃቸውን ስመው ያውቁ ይሆናል። በዚያው በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 እግዚአብሔር ራሱ የበረሓውን ወይራ ከፍጥረቱ ውጭ በመልካሙ ወይራ ላይ እንዳስገባ፣ ያም አሕዛብን ወደ ድኅነት ማምጣቱ እንደሆነ ተጽፏል። እነዚህን ቦታዎች የምጠቅስልሽ በአባትሽ ላይ እንድትደረድሪባቸው አይደለም። የምጠቅስልሽ የባሕርይን ነገር ከጠቅላላው መልእክት ነጥሎ መያዝ ለአንባቢው ምን ያህል እንደሚያዳግት እንድታዪ ነው።

ምሁራኑም በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። የታሪክ ምሁሩ ጆን ቦስዌል እ.ኤ.አ. በ1980 ጳውሎስ የወቀሰው ወደ ሴት የሚሳቡ ሰዎች ከራሳቸው ዝንባሌ ውጭ ያደረጉትን ነው ብሎ ጻፈ፤ የአዲስ ኪዳን ሊቁ ሪቻርድ ሄይስ በ1986 አነባበቡ ትክክል አይደለም ብሎ በዝርዝር መለሰለት። ይኸው ሄይስ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2024፣ ከልጁ ጋር በጻፈው መጽሐፍ አቋሙን ለውጦ በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ውስጥ ያሉ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ሊታቀፉ ይገባል አለ፤ ያን ያለው ግን ስለ ተፈጥሮ አዲስ ነገር አግኝቶ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ስፋት በመከራከር ነው። ብዙዎች አልተስማሙበትም። እኔ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው፣ ሲቃወምም ሆነ ሲቀበል ነገሩን በበግና በፔንጉዊን አለመለካቱን ነው።

ስለ ወንድምሽ «እንዲህ ሆኜ ተፈጠርሁ» የሚለው ቃልም መናገር አለብኝ፤ ለእኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ሰፊ የዘረ መል ጥናት ዝንባሌውን የሚወስን አንድም ነጠላ ዘረ መል እንደሌለ፣ ነገር ግን የዘር ውርስ ከፊል ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ምክንያቱ ተጠቃሎ ባይታወቅም፣ አብዛኞቹ ሰዎች ዝንባሌያቸውን መርጠው እንዳላመጡት ይናገራሉ። አንድ ነገር አብሮን መወለዱ በራሱ ትክክል እንደማያደርገው አባትሽ ቢመልሱ፣ ሰው ከውድቀት በኋላ የቆሰለ ባሕርይ እንዳለው የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸውና መልሱ ከእምነታቸው ጋር የሚስማማ ነው። ግን ወንድምሽ በዚያ ማዕድ ላይ ሊከራከር ነበር ወይ? ለዓመታት ሲጸልይና ሲሰግድ የኖረ ልጅ «እንዲህ ሆኜ ተፈጠርሁ» ሲል፣ ምናልባት የሚለው «ፈልጌ አላመጣሁትም፣ አሜሪካም አላበላሸችኝም፣ እናንተን ለማዋረድም አላደረግሁትም» ነው። ይህን ለመስማት በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ላይ ያላችሁን እምነት መለወጥ አያስፈልጋችሁም።

አባትሽስ «በግ እንኳ አያደርገውም» ሲሉ ምን ማለታቸው ይመስልሻል? የልጃቸው ነፍስ አስጨንቋቸው ይሆን? ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የሚወራውን ፈርተው ይሆን? የልጅ ልጅ ላላይ ነው ብለው አዝነው ይሆን? ሽማግሌ ሰው «ፈራሁ» ማለት ይከብደዋል፤ በልጅነቱ የሚያውቀውን፣ እርግጠኛ የሆነበትን ነገር ማንሣት ይቀለዋል። ስለዚህ ምክሬ አንቺ መልስ አምጪ መሆንሽን እንድታቆሚ ነው። አባትሽን ከቤት ውጭ፣ ምናልባት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታደርሻቸው መኪና ውስጥ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አነጋግሪያቸው። «አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን አውቃለሁ፣ ልከራከርዎትም አልፈልግም። የበጉን ነገር እንተወውና ስለ ልጅዎ ንገሩኝ፤ ከሁሉ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም ብለሽ ስሚያቸው። በዚያ ቀን ስለ ጥናትም ስለ ጥቅስም አታንሺ።

ወንድምሽንም እንዲሁ ጽሑፎቹን መላኩን እንዲተው በፍቅር ጠይቂው። «ከአባባ የምትፈልገው እንዲስማሙልህ ነው ወይስ እንዳይጥሉህ?» ብለሽ ብትጠይቂው መልሱ ለአንቺም መንገድ ያሳይሻል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉምና፣ ሁለተኛው ዛሬም ሊገኝ የሚችል ነው። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ነገር ተከታተዪ። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በቤተሰባቸው ክፉኛ የተገፉ እንዲህ ዓይነት ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች፣ እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት መጠን ከ8 እጥፍ በላይ እንደነበር አሳይቷል። መኖር ሰልችቶኛል የሚል ቃል ከሰማሽ ቃል በቃል ጠይቂው፤ በአሜሪካ ውስጥ በ988 በማንኛውም ሰዓት ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ እርዳታ ማግኘት ይቻላል፤ አንቺም ስለ እርሱ ልትደውዪ ትችያለሽ። የንስሐ አባታችሁን ማማከር ካሰብሽ ደግሞ ታሪኩ የእርሱ ስለሆነ አስቀድመሽ ፈቃዱን ጠይቂው፤ ከፈቀደም ቁጣ የማይቀድማቸውን፣ ምስጢር የሚጠብቁትን አባት አብራችሁ ምረጡ።

አሁን የኢትዮጵያውን ጉዞ በተመለከተ ያለ ማለሳለስ ልናገር። ወንድምሽ አዋቂ ሰው ነው፤ ዘመድ ልንጠይቅ ነው ተብሎ ተታልሎ መወሰድ የለበትም። ጸበል በፈቃድና በእምነት የሚቀርቡት ነገር ነው፤ በማታለል የተወሰደ ሰው የሚማረው ወላጆቹን አለማመን ብቻ ነው። በተጨማሪም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ ወሬው በዘመድ መካከል ቢናኝ ወንድምሽ የሚገባበት አደጋ ወላጆችሽ ከሚያስቡት በላይ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2009 ያለውን ጥናት ሁሉ መርምሮ፣ ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረጉ ጥረቶች እንደሚሠሩ በቂ ማስረጃ እንደሌለና ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ገልጿል። የጉዞውን እውነተኛ ዓላማ ወንድምሽ ማወቅ አለበት፤ ከወላጆችሽ ቢሰማው ይመረጣል፣ እነርሱ ካልነገሩት ግን አንቺ ንገሪው። ፓስፖርቱም በራሱ እጅ ይሁን።

ከማን እንደምትጀምሪ ብትጠይቂኝ ከእናትሽ እላለሁ። እርሷ ልጇ መጀመሪያ የመጣላት ሰው ናት፣ አሁንም ለአባትሽ ስለነገረቻቸው ሳትጸጸት የቀረች አይመስለኝም። ትኬቱ ሳይቆረጥ በዚህ ሳምንት ለብቻዋ አግኝተሽ ሁለት ነገር ብቻ ለምኛት፦ ጉዞው በስውር እንዳይሆን አባትሽን እንድታግባባቸው፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ አራታችሁም አንድ ማዕድ እንድትቀርቡና በዚያ ማዕድ ላይ ማንም ይህን ርእስ እንዳያነሣ።